«አት ፊልሞር ኢስት»ን ከሸክላ የገለበጥኩበት ማጫወቻ

የአሜሪካውን የሮክ ቡድን የኦልማን ብራዘርስ ባንድን «አት ፊልሞር ኢስት» አልበም ከሸክላ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ጨረስኩ። ሁለት ሸክላ፣ አራት ገጽ፣ ከ75 ደቂቃ በላይ ሙዚቃ ነው። ማታ ማታ እየሠራሁ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የገለበጥኩበት ማጫወቻ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ ኤልፒ 120 ኤክስ ዩኤስቢ ይባላል። ለዚህ ሥራ ይሆናል ወይ ብላችሁ ለምታስቡ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ አልበሙ። «ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ የለም እንዴ፣ ምን አደከመህ?» የሚለኝ ሰው አልጠፋም። ሞልቷል። ግን ይህ አልበም እ.ኤ.አ. በ1971 ከወጣ ወዲህ ደጋግሞ ታትሟል፣ በ1992 ደግሞ ድምፁ እንደ አዲስ ተቀላቅሎና ሌሎች ዘፈኖች ተጨምረውበት ወጥቷል፤ ስለዚህ ዛሬ ስልካችሁ ላይ የምትሰሙት እኔ ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ሸክላ ከሰማሁት ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። እኔ የፈለግኩት ያንን ሸክላ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ በፊልሞር ኢስት አዳራሽ፣ በማርች 1971፣ ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ የተቀዳ ነው። አልበሙ ወጥቶ ጥቂት ወራት ሳይቆይ የባንዱ ጊታሪስት ዱዌይን ኦልማን በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ። 24 ዓመቱ ነበር። ያንን ስላይድ ጊታሩን፣ ጣቱ ላይ ያጠለቀውን ቱቦ ክሩ ላይ እያንሸራተተ የሚጫወተውን፣ በሰማሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል፣ ሸክላው እያለቀ ሲሄድም ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ይህ አልበም ለማንኛውም ማጫወቻ ከባድ ፈተና ነው። አራተኛው ገጽ ከዳር እስከ መሃል አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ «ዊፒንግ ፖስት»፣ 23 ደቂቃ ገደማ። ሸክላ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ይዞራል፣ ዙሩ ግን ወደ መሃል በቀረበ ቁጥር ያጥራል። ዳር ላይ በሴኮንድ 50 ሳንቲሜትር ገደማ ቦይ (ድምፁ የተቀረጸበት ቀጭን መስመር) ከመርፌው ሥር ያልፍ ነበር፣ መሃል ያለው ወረቀት አጠገብ ሲደርስ ግን 21 ገደማ ብቻ ይቀራል። ያው ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ታጭቆ ማለት ነው። ደካማ መርፌ እዚያ ሲደርስ ሲምባሉን ያሻክረዋል፣ ጊታሩን ያሳክከዋል። እና የዚህ ዘፈን ትልቁ ግለት፣ ሁለቱ ድራመኞች አንድ ላይ የሚነዱበት ቦታ፣ ልክ እዚያ ጠባቡ ላይ ነው የወደቀው።

ከዚህ በፊት በሌላ ማጫወቻ ሞክሬ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ በቦርሳ መልክ ከሚሸጡት ርካሾቹ አንዱ ነው። መርፌው ሸክላውን የሚጫንበትን ክብደት በትንሽ ሚዛን ስለካው ከ5 ግራም በላይ ሆነ፣ ማስተካከያም የለውም። ረጅም የጊታር ኖታ ሲመጣ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ይዋልላል። አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ካጫወትኩበት በኋላ ደነገጥኩና አቆምኩ። የምትወዱትን ሸክላ እንዲህ ያለ ነገር ላይ አታስቀምጡ፣ እባካችሁ። ቦዩ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

አሁን ወደ ኤልፒ 120። ሞተሩ ሳህኑን በላስቲክ ቀበቶ ሳይሆን በቀጥታ ነው የሚያዞረው፣ ፍጥነቱም አይዋልልም። እነዚያ ረጅም ኖታዎች ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ይህ ብቻውን ለእኔ ግማሽ መልስ ነበር። መርፌውን የሚይዘውን ክንድ ክብደት እናንተ ናችሁ የምታስተካክሉት። አብሮት የሚመጣው ቪኤም95ኢ ካርትሪጅ (መርፌው የሚሰካበት፣ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) 2 ግራም ነው የሚፈልገው፤ መጀመሪያ ክንዱን አየር ላይ ሚዛኑን ጠብቆ እስኪንሳፈፍ ድረስ ታስተካክላላችሁ፣ ከዚያ ቁጥሩን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ ወደ 2 ታዞራላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። አትቸኩሉ።

ከኋላው አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሷ ላይ ነው። ሸክላ ላይ ድምፅ ሲቀረጽ የቤዙ (የወፍራሙ) ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ይጨመራል፤ ቤዙ እንዳለ ቢገባ ቦዩ ከመጠን በላይ ይሰፋ ነበርና። ሲጫወት ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ነገር ይህንን ገልብጦ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ይህ ማጫወቻ ፕሪአምፑን ውስጡ ይዟል። ማብሪያዋን «ላይን» ላይ አድርጋችሁ ገመዱን ሌላ ማጉያ ላይ «ፎኖ» የሚል ቀዳዳ ውስጥ ከሰካችሁ ግን ማስተካከያው ሁለት ጊዜ ይደረግና ድምፁ ታፍኖ፣ ቤዙ ገንፍሎ ይወጣል። እንዲህ ከሆነባችሁ ሸክላውን ከመውቀሳችሁ በፊት ማብሪያዋን እዩ።

በዩኤስቢ ስሰካው የመጀመሪያው ቅጂ ሞኖ ሆኖ፣ ግራና ቀኙ ሳይለይ በአንድ ቻናል ወጣ። ኮምፒውተሩ ማጫወቻውን እንደ ማይክሮፎን ነው የቆጠረው። ቶሎ ያወቅኩት በዚህ አልበም ምክንያት ነው፤ በሸክላው ላይ የዱዌይንና የሌላው ጊታሪስት የዲኪ ቤትስ ጊታሮች በግራና በቀኝ ተለያይተው እርስ በርስ ያወራሉ፣ በእኔ ቅጂ ላይ ግን ሁለቱም መሃል ላይ ተደራርበው ማን ምን እንደሚል አይለይም ነበር። ከመቅዳታችሁ በፊት የኮምፒውተሩን የድምፅ ማስተካከያ ከፍታችሁ ሁለት ቻናል መሆኑን አረጋግጡ።

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። በዩኤስቢ የሚወጣው ድምፅ 16 ቢት ነው (ቢቱ በበዛ ቁጥር ድምፁ በረቀቀ ደረጃ ይለካል)፣ ማጫወቻው ላይ ደግሞ የቅጂውን መጠን ከፍ ዝቅ የምታደርጉበት ቁልፍ የለም። 16 ቢት ለሸክላ በቂ ነው፣ ሲዲም ያው ነው፣ የሸክላ የራሱ ሽሽታ ከዚያ በላይ ነው። ግን ጮክ ብሎ የተቀረጸ ሸክላ ሲገጥማችሁ መጠኑን የምትይዙበት ነገር ማጣት ያሳስባል። እኔ መጨረሻ ላይ ዩኤስቢውን ትቼ በተራ ገመድ ወደ ሌላ የድምፅ መቅጃ ሳጥን አስገባሁት፣ በ24 ቢት፣ ከፍተኛው ጩኸት ከዜሮ፣ ማለትም ድምፁ መበላሸት ከሚጀምርበት ጣሪያ፣ 6 ዴሲቤል በታች እንዲሆን አድርጌ። ሳጥኑ ከሌላችሁ አትጨነቁ፣ ዩኤስቢውም ያሠራል።

መርፌው ላይ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቪኤም95ኢ ጥሩ መርፌ ነው፣ ሦስቱን ገጾች በሚገባ አንብቧል። አራተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ሲምባሉ ትንሽ ሻከረብኝ። ደስ የሚለው ነገር፣ የዚህ ቤተሰብ መርፌዎች በአንድ አካል ላይ ይለዋወጣሉ፤ ካርትሪጁን ሳትነቅሉ መርፌውን ብቻ ስባችሁ ቪኤም95ኤምኤል የሚባለውን ቀጭን መርፌ ትሰካላችሁ። ሰካሁ፣ ያንኑ ገጽ እንደገና ቀዳሁ፣ በሄድፎን አዳመጥኩ። ያ ሻካራ ነገር የለም። የድራሞቹ ምት አንድ በአንድ ይለያል። ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ገንዘብ የምታወጡበት አንድ ቦታ ብቻ ካለ እዚህ ላይ አውጡት፣ ያለ ጥርጥር።

ማጽዳቱ ላይ አላረዝምም። በካርቦን ብሩሽ አቧራውን አንሡ፣ ቆሻሻው ከበዛ በተጣራ ውኃ እጠቡና ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። መርፌውንም ከየገጹ በኋላ አጽዱ።

ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ የሚባለውን የድምፅ መቅጃና ማረሚያ ፕሮግራም ተጠቀምኩ። ነፃ ነው፣ የሚያስፈልገው ሁሉ አለው። ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ጭረት በራሱ የሚያጠፋው መሣሪያ ጭረትን የሚያውቀው በድንገተኛነቱ ነው፣ ጭብጨባም ድንገተኛ ነው፣ የድራም ዱላ ምትም እንደዚያው። ሕዝብ ፊት በተቀዳ አልበም ላይ ጠንከር አድርጌ ስሞክረው ጭብጨባው ደንዝዞ ዝናብ መሰለ፣ ድራሙም ጥርሱ ወለቀ። መልሼ ሰረዝኩት። ከዚያ ጎላ ያሉትን ጭረቶች አንድ በአንድ እየፈለግኩ በእጅ ጠገንኩ፤ «ሪፔር» የሚለው መሣሪያ በአንዴ 128 ነጥብ (ኮምፒውተሩ ድምፁን በየቅጽበቱ የለካበት ቁጥር) ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ያ ደግሞ ከሴኮንድ ሺህኛ ሦስቱ ያህል ነው፣ ስለዚህ ሙዚቃውን አይነካም። አድካሚ ነው። ሦስቱ ሳምንት በአብዛኛው ያለቀው እዚህ ነው። የሽሽታ ማጥፊያውን ጨርሶ አልነካሁትም፣ ምክንያቱም በዘፈኖቹ መካከል ዝምታ የለም፣ አዳራሹ ይተነፍሳል፣ እሱን ከሽሽታው ጋር አብሬ መጥረግ አልፈለግኩም።

ቅጂውን በየዘፈኑ ስትቆርጡም እንዲሁ። ዘፈኖቹን በምልክት ብቻ ለዩ፣ ጭብጨባው መሃል ባዶ ቦታ አትክተቱ። ያስቀመጥኩት ፍላክ በሚባለው የፋይል ዓይነት ነው፤ ድምፁ አንድም ሳይጎድል ፋይሉ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፣ ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲሻገርም አይቆራረጥም። ኤምፒ3 በየፋይሉ ጫፍ ትንሽ ዝምታ ይጨምራል፣ ብዙ ማጫወቻ ላይ ያ ዝምታ ጭብጨባውን «ቁርጥ» ያደርገዋል።

አራተኛው ገጽ ሲያልቅ አንድ ነገር አለ። «ዊፒንግ ፖስት» አብቅቶ ሕዝቡ እየጮኸ ሳለ ባንዱ ቀጣዩን ዘፈን ሲጀምር ይሰማል፣ ከዚያ ድምፁ እየደበዘዘ ሸክላው ያልቃል። ያ ዘፈን በ1972 በወጣው «ኢት ኤ ፒች» ላይ ነው ያለው። በአሮጌው ማጫወቻ እነዚያን የመጀመሪያ ኖታዎች ጭርጭርታው ይውጣቸው ነበር። ትናንት ማታ መብራት አጥፍቼ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ፣ አሁን ይሰማሉ።