የደብረ ብርሃኑ የግብርና ትምህርት፦ ጓሮው፣ መምህሩና የጊዜ ሰሌዳው

ልጄ በደብረ ብርሃን ከሚገኙት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንደኛው የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በመሆኗ፣ ትምህርት ቤቱ የግብርናን ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ በቅርብ ስከታተል ቆይቻለሁ። የማነሣቸው ጉድለቶች የእሱ ብቻ ስለማይመስሉኝ ስሙን መጥቀስ አላስፈለገኝም። ልጁን ወደዚያ ለመላክ የሚያስብ ወላጅ ቢጠይቀኝ፣ የአትክልት ቦታው ጥሩ እንደሆነና መምህሩም ከጠበቅሁት በላይ እንደሆኑ፣ የጊዜ ሰሌዳው ግን የትምህርቱን እኩሌታ እንደሚያስቀር እነግረዋለሁ።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርና ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ራሱን ችሎ የሚሰጥ ትምህርት ሆኗል። ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትም ያስተምር የነበረው በሁለተኛ ደረጃ ነበር። ልዩነቱ ያኛው ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ ሲሆን፣ የዛሬው ትምህርት ግን እያንዳንዱ መደበኛ ትምህርት ቤት ባለው መሬትና ባለው መሣሪያ የሚሰጥ መሆኑ ነው።

እዚህ ያለው መሬት ከመማሪያ ሕንፃዎቹ ጀርባ ወደ ወንዙ ያዘነበለ ቁራሽ ቦታ ሲሆን፣ በመደብ ተከፋፍሎ ለየቡድኑ ተሰጥቷል። ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ይለማበታል፤ ከላይኛው ጫፍ ባቄላና ገብስ፣ በአጥሩ ጥግ ደግሞ ጥቂት የአፕል ዛፎች አሉ። እያንዳንዱ ቡድን የተዘራበትን ቀን፣ የታየውን ተባይና የተወሰደውን እርምጃ የሚጽፍበት መዝገብ ይይዛል። መምህሩ ማርክ የሚሰጡት ለጎመኑ ትልቅነት ሳይሆን ለመዝገቡ ትክክለኛነት በመሆኑ፣ ሰብሉ የተበላሸበት ቡድን እንኳ ምክንያቱን አውቆ ከጻፈ ሙሉ ውጤት ያገኛል፤ ከሁሉ ያስደሰተኝ ይህ አሠራር ነው። ዶማና መኮትኮቻው ግን ለተማሪው ቁጥር ስለማይበቃ፣ ከክፍለ ጊዜው ብዙው ተራ በመጠበቅ ያልፋል።

ትምህርቱ ምን ያህል ሊጠልቅ እንደሚችል የተረዳሁት በባቄላው ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ባቄላ የሚዘራ ገበሬ ቆርምድን ያውቀዋል፤ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ በቅጠሉና በግንዱ ላይ ትንንሽ እባጮች ይወጣሉ፣ ተክሉም ቀጭጮ ይቀራል። መምህሩ በመስከረም የታመመ ተክል አስነቅለው እባጩን በምላጭ ካስቆረጡ በኋላ በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ለተማሪዎቹ አሳይተው፣ በሽታው በፈንገስ አማካይነት እንደሚመጣ፣ ቅሪቱ በማሳ ላይ ሲተው ለከርሞ እንደሚቆይ፣ ሰብልን ማፈራረቅም ስለዚህ እንደሚጠቅም አስረድተዋል። ልጄ አያቷ ዘንድ በሄደች ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «አባባ፣ የታመመውን ባቄላ ገለባ የት ነው የምትጥሉት?» የሚል ነበር። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቄላ ሲዘሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጥያቄውን አልናቁትም።

የውርጩም ትምህርት እንዲሁ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ቀዝቃዛው አየርም ከባድ በመሆኑ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። በወንዙ በኩል የነበረው የድንች መደብ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ሲያድር፣ ጥቂት ሜትሮች ከፍ ብሎ የነበረው ቅጠሉ እንኳ አልተነካም። መምህሩ የዕለቱን ትምህርት ትተው ክፍሉን በጠዋት፣ አመዳዩ ሳይቀልጥ፣ ወደዚያ መውሰዳቸው ከማንኛውም ሥዕል የበለጠ አስተምሯል።

ባቄላውንና ገብሱን የዘሩት ግን ተማሪዎቹ አይደሉም፤ የግቢው ጥበቃ ናቸው። ትምህርት ቤት በሰኔ ሲዘጋ የመኸሩ ዘር ይጀመራል፤ ተማሪው በመስከረም ሲመለስ ሰብሉ አብቦ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የዘር መጠን፣ በመስመር መዝራት፣ የማዳበሪያ አጨማመር፣ በተለይም ውሃ የሚቋጥረውን ጥቁር የመረሬ መሬት ማጠንፈፍ፣ ማለትም ለዚህ አካባቢ ገበሬ ዋና ዋና የሆኑት ሥራዎች፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ይቀራሉ። ልጄ ቢቢኤም በሚባለው በበሬ በሚጎተት መሣሪያ 80 ሴንቲ ሜትር መደብና 40 ሴንቲ ሜትር ቦይ እንደሚወጣ ለፈተና አጥንታለች፤ የክረምቱ ውሃ በዚያ ቦይ ሲወርድ ግን አላየችም። በዚሁ ዞን በእነዋሪ ከተማ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት መደቡንና ቦዩን በእጃቸው ያወጡ እንደነበር የነገርኳት እኔ ነኝ።

መፍትሔው ሩቅ አይመስለኝም። በልግ በሚያገኙት የዞኑ ደጋማ አካባቢዎች ገብስ በየካቲትና በመጋቢት ይዘራል፤ ይህም ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጋር ይገጥማል። የበልግ ዝናብ የማያስተማምን ቢሆንም ወንዙ ከማሳው ሥር ስለሆነ፣ ዝናቡ በዘገየበት ዓመት ትንሽ መደብ በባልዲ ማጠጣት አያቅትም። ድንችም ከውርጩ በኋላ በጥር መጨረሻ በ75 በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢተከል፣ ተማሪው ከዘር መረጣው እስከ ቁፈራው ድረስ አብሮት ይዘልቃል። የዘር ድንቹ አቀማመጥ ግን አስቀድሞ መታረም አለበት፤ በጨለማ ዕቃ ቤት ውስጥ ተከምሮ ረጃጅም ነጫጭ ቡቃያ አውጥቶ አይቸዋለሁ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ብርሃን ባለበት መደርደሪያ ላይ ቢሆን ኖሮ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆን ነበር።

ስለ አፕሉ ያለኝ አስተያየት የተደባለቀ ነው። ክተባው፣ ማለትም የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ ማያያዙ፣ በደንብ ይሰጣል፤ የሁለቱ ግንዶች ከቅርፊታቸው ሥር ያለው ስስ አረንጓዴ ሽፋን ካልገጠመ እንደማይያያዙ ተማሪዎቹ ቢላዋ ይዘው ተምረውታል። ዛፎቹ ግን ሁሉም አና የሚባለው ዝርያ ብቻ ናቸው፤ አጠገባቸው እንደ ዶርሴት ጎልደን ያለ አብሮ የሚያብብ ዝርያ ቢኖር ፍሬያቸው ይበዛ ነበር። የእንስሳት እርባታው ደግሞ ያለ እንስሳ የሚሰጥ ነው፤ የመንዝ በግ በሚታወቅበት ዞን ይህ ያስተዛዝባል። የግብርና ምርምር ማዕከሉም በዚያው በከተማው ሳለ አንድ ባለሙያ እንኳ አለመጋበዙ አይገባኝም።

ተማሪዎቹ ያመረቱትን በግቢው በር ላይ በጠረጴዛ ይሸጣሉ። ቀይ ሥሩና ካሮቱ ከገበያው አያንስም፤ ጥቅል ጎመኑ ግን ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ስለማያጣው ቅጠል በቅጠል ገልጦ ማጠብ ያስፈልጋል። ለትምህርቱ ከአምስት ሦስት ተኩል ሰጥቻለሁ፤ የጎደለው ነጥብ አብዛኛው በጊዜ ሰሌዳው ምክንያት ነው። ለመመዝገብ የሚሄድ ወላጅ ቢሮውን ብቻ አይቶ ከሚመለስ፣ ወደ ጓሮው ወርዶ የአንዱን ቡድን መዝገብ ገልጦ ቢያነብ ይሻለዋል። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ላይ ላይኛው መደብ በጥር ታርሶ ለበልግ ገብስ እንዲዘጋጅ ጠይቄያለሁ፤ ርእሰ መምህሩም ለመጪው ዓመት ዕቅድ እንዲያዝ ተቀብለውታል።