ለአሮጌ ቮልስዋገን ጋስኬትና ሲሊኮን መምረጥ፦ የአንዲት ጎንደር ሱቅ ግምገማ

በጎንደር ከተማ አራዳ አካባቢ ያለች አንዲት ጠባብ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ፣ ታሽጎ ከሚመጣው ጋስኬት (ሁለት የሞተር ክፍሎች ሲገጣጠሙ እንዳያፈሱ በመካከላቸው የሚገባ ማሸጊያ) ሌላ የጋስኬት ወረቀት፣ ቡሽና ዘይት የሚችል ጎማ በጥቅልል ይዛ ደንበኛው ባመጣው ናሙና ልክ እየቆረጠች ትሸጣለች። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ባለ 1300 ቮልስዋገን ሞተር አውርጄ ሳድስ አብዛኛውን የማሸጊያ ዕቃ የገዛሁት ከዚህችው ሱቅ ነው። አሮጌ መኪና የሚያድሱ የከተማችን ሰዎች ምኑን ከዚህ ቢገዙ እንደሚበጃቸው፣ ምኑን ደግሞ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ቢያስመጡ እንደሚሻላቸው ለይቼ ለመጻፍ የተነሣሁትም ስለዚህ ነው።

የሱቋ ትልቁ ሀብት ባለቤቷ ናቸው። ሽማግሌው ናሙናውን ተቀብለው ወደ ብርሃን ካዞሩት በኋላ «ልጄ፣ ይሄን የሚነካው ዘይት ነው ወይስ ቤንዚን? ሙቀትስ አለበት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱን ሳይሰሙም ጥቅልል አያወርዱም። ከዚያ ወረቀቱን በእንጨት ጉማጅ ላይ ዘርግተው የብሎን ቀዳዳዎቹን አስቀድመው በመብሻ ይበሳሉ፤ ዙሪያውን በመቀስ የሚከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። ቀዳዳው ቀድሞ ሲበሳ በጠርዝ በኩል ያለው ቀጭን ወረቀት አይቀደድም። ወረቀቱን ሞተሩ ላይ አንጥፎ ጠርዙን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ማውጣት በብዙ ጋራዥ የተለመደ ነው፤ የቮልስዋገን ሞተር አካል ግን ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራና ለስላሳ በመሆኑ በመዶሻ የተመታ ጠርዙ ከዚያ በኋላ በምንም ጋስኬት በደንብ አይዘጋም።

ከዚህች ሱቅ ከገዛሁት ሁሉ ያለ ማመንታት የማመሰግነው ለቫልቭ ክዳኖቹ የተቆረጠልኝን ቡሽ ነው። እነዚህ ክዳኖች በብሎን አይታሰሩም፤ እያንዳንዳቸውን የሚይዛቸው አንድ የሽቦ ቅንጥብ ብቻ ስለሆነ፣ ቡሹ ወጥ ውፍረት ከሌለው በሳሳው በኩል ዘይት ያንጠባጥባል። የተቆረጠልኝ ቡሽ ወጥ ነበር፤ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ደጋግሜ ነድቼ ሞተሩ በደንብ ከጋለ በኋላ ሥሩን በነጭ ጨርቅ ብጠርገው ዘይት አላገኘሁበትም። ቡሹን የሚያጣብቅ ሰው ማጣበቂያውን በክዳኑ በኩል ብቻ ይቀባ፤ በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) በኩል ያለው ፊት ደረቅ መሆን አለበት። ቫልቭ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ስለሚስተካከል ክዳኑ ተመልሶ መከፈቱ አይቀርም፤ በሁለቱም ፊት የተጣበቀ ቡሽ ያን ጊዜ ተቦጫጭቆ ይወጣል። በበጋው ደረቅ አየር ሱቅ ውስጥ የከረመ ቡሽ ይኮማተራል፤ ቀዳዳው ወይም ዙሪያው አልገጥም ካለ ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ቢነከር ወደ ልኩ ይመለሳል።

ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ወንፊት ከላይና ከታች አንዳንድ ወረቀት ይፈልጋል፤ ዘይት በተቀየረ ቁጥርም ሁለቱም ይለወጣሉ። ርካሽ ስለሆኑ በርከት አድርጎ ማስቆረጥ ይመረጣል። ክዳኑን የሚይዙት ስድስት ትንንሽ ዳዶዎች የሚጠብቁት እስከ 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ክዳኑ ይጎብጣል፣ ወይም ጥርሱ ይበላል፤ የጎበጠን ክዳን ደግሞ ምንም ያህል ጥሩ ወረቀት አያድነውም።

ቅር ያሰኘኝ የቀዩ ሲሊኮን፣ ማለትም ከቱቦ ተጨምቆ የሚቀባውና የሚደርቀው ማሸጊያ፣ ነገር ነው። ሽማግሌው በሌሉበት ጊዜ ሱቁን የሚጠብቀው ወጣት ለሁሉም ጥያቄ መልሱ ያው ቀይ ቱቦ ነው፤ ቱቦዎቹም መስኮቱ ሥር ፀሐይ ሲመታቸው ይውላሉ። ይህ ሞተር ከወንፊቱ በቀር ሌላ የዘይት ማጣሪያ የለውም። በብዛት የተቀባ ሲሊኮን ብሎኑ ሲጠብቅ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይወጣል፤ የደረቀው ቁራጭ ተገንጥሎ ወንፊቱን ከዘጋ ሞተሩ ዘይት ያጣል። ሁለቱ የሞተር አካል ክፋዮች የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ ከፋብሪካው ጋስኬት የለውም። በዚያ መካከል የሚገባ ማንኛውም ውፍረት የክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ብሮንዚኖች፣ ማለትም ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ቀለበቶች፣ በሁለቱ ክፋዮች ተጨምቀው የሚያዙበትን ልክ ስለሚያዛባ፣ የሚያስፈልገው በስሱ የሚቀባና ደርቆ የማይጠነክር ማሸጊያ ነው፤ ኤልሪንግ የሚያመርተው ኩሪል ቲ ወይም የፐርማቴክስ አቪዬሽን ለዚህ ይሆናሉ። ሁለቱንም እዚህ ሱቅ አላገኘሁም።

ቤንዚን በሚነካው ቦታ ሁሉ ተራ ሲሊኮን ያብጣል፣ ይላላል፤ ስለዚህ ለካርቡሬተርና ለነዳጅ ፓምፕ ወረቀት ብቻ ይግዙ። በነዳጅ ፓምፑ ላይ ግን የወረቀቱ ውፍረት ራሱ መለኪያ ነው። ፓምፑን የሚገፋው ዘንግ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ከፍላንጁ (ፓምፑ ከሚያርፍበት ፊት) በላይ 13 ሚሊ ሜትር ሊታይ ይገባል፤ ይህም የሚስተካከለው ከሥሩ ወረቀት በመጨመርና በመቀነስ ነው። የሱቋ ጥቅልሎች ውፍረታቸው ስላልተጻፈባቸው ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይዤ ሄጄ ራሴ ለካሁ፤ ባለሱቁም በደስታ ፈቀዱልኝ። ውፍረቱን በእስክሪብቶ ጥቅልሉ ላይ ቢጽፉት ግን የሁሉም ደንበኛ ድካም ይቀንስ ነበር።

አሮጌውን ጋስኬት ፍቆ ለማንሣት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ውኃ ያርከፍክፍበት። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ ጋስኬቶች ውስጥ፣ በተለይም በጭስ ማውጫው በኩል በሚገቡት፣ አስቤስቶስ አለ፤ ደረቁን በሽቦ ብሩሽ መፋቅ አቧራውን ወደ ሳንባ መሳብ ነው።

በፍላይዊሉ በኩል ያለው የክራንክ ሻፍት ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግድ ቀለበት) ከጥቅልል የሚቆረጥም በሌላ ነገር የሚተካም አይደለም። ካፈሰሰ ዘይቱ ፍሪሲዮኑን ያበላሻል፤ ለመለወጥ ደግሞ ሞተሩ እንደገና መውረድ አለበት፤ ስለዚህ በዚህ ዕቃ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አያዋጣም። ይህ መኪና ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ሲመረት ስለቆየ ጥሩ ሲል ዛሬም ይገኛል። እኔም ከሱቁ ስጠይቅ ሽማግሌው መደርደሪያቸው ላይ ስም የሌለው ሲል እያላቸው «ይሄን አልሰጥህም፤ ከሶማሌ ተራ አስመጣ» ብለው መለሱኝ።