«8 ቀን ያለ ገደብ» እየተባለ የሚሸጠውን የስኮትላንድ የባቡር ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት

ብሪታንያ የምትኖሩ ወገኖች፣ በተለይ በዚህ ሰመር እናት አባት ከአገር ቤት አስመጥታችሁ ልታስጎበኙ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም ገንዘብ እንዳትልኩ። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ በአማርኛ የሚዞር ማስታወቂያ አለ፦ «መላው ስኮትላንድ በባቡር! 8 ቀን ያለ ገደብ! ለመላ ቤተሰብ!» ትኬቱ ሐሰተኛ አይደለም። ጣቢያ ሄዳችሁ ብትጠይቁ እናንተም የምታገኙት ትክክለኛ ትኬት ነው። ሰውየው በአፉ የሚሸጠውና ወረቀቱ ላይ የታተመው ግን አይገናኙም።

የዚህ ዓይነቱ ትኬት ሮቨር ይባላል። በተወሰነ ክልል ውስጥ ለተወሰኑ ቀናት ደስ ባላችሁ ባቡር እየወጣችሁ እየወረዳችሁ እንድትሄዱ ያስችላል። የአንድ ቀኑን ሬንጀር ይሉታል። የዌልስ አለ፣ የሰሜን እንግሊዝ አለ፣ አገሩን በሙሉ የሚሸፍነው ኦል ላይን ሮቨርም አለ፤ እሱ 7 ወይም 14 ተከታታይ ቀን ነው። የስኮትላንዱ ስፒሪት ኦፍ ስኮትላንድ የሚባለው ሲሆን በሁለት ዓይነት ይሸጣል፦ በ8 ቀን ውስጥ 4 ቀን፣ ወይም በ15 ቀን ውስጥ 8 ቀን።

ዘዴው ያለው እዚህ ላይ ነው። በ8 ቀን ውስጥ 4 ቀን ማለት ስምንት ቀን ትጓዛላችሁ ማለት አይደለም። ከስምንቱ ቀን የምትመርጧቸው አራቱ ብቻ ናቸው። ሻጩ ስምንቷን ይዞ አራቷን ይውጣታል። ዋጋውን ደግሞ ወደ ስምንት ቀኑ ትኬት አስጠግቶ ይጠይቃል፤ ልዩነቱ ኪሱ ይገባል።

የማውቃቸው ቤተሰብ በዚህ ተበልተዋል። አያቶቹ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው፤ ልጃቸው፣ ባሏና ሁለት ሕፃናት አብረው ነበሩ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ኢንቨርነስ ላይ ወደ ካይል ኦፍ ሎሃልሽ የሚሄደው ባቡር ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ትኬት ተቆጣጣሪው መጣ። የሽማግሌውን ትኬት ተቀብሎ ገልበጥ አድርጎ አየውና በጣቱ ጽሑፉን እያሳየ አራት ቀናችሁ ትናንት አልቋል አላቸው። ሽማግሌው «የለም ልጄ፣ ስምንት ነው የተባልነው» ብለው በአማርኛ መለሱለት። ሰውየው ጨዋ ነበር፣ አልጮኸም፤ ግን እዚያው ትኬት ለሚያስፈልጋቸው ሁሉ አዲስ አስቆረጣቸው። የልጅቷ ባል ወዲያው ለሻጩ ቴሌግራም ላይ ጻፈለት። መነበቡን የሚያሳየው ሁለት ምልክት ታየ፤ መልስ ግን አልመጣም። ማታ ላይ ሲሞክር ብሎክ ተደርጓል።

ስኮትላንድ መሆኑ ጠቀማቸው። የስኮትላንድ ባቡር የመንገዱን ዋጋ ያስከፍላል እንጂ የቅጣት ታሪፍ የለውም። እንግሊዝ ውስጥ ቢሆን ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ቅጣቱ በሰው 100 ፓውንድ ሆኗል፤ በዚያ ላይ የመንገዱ ዋጋ ይታከልበታል። በ21 ቀን ውስጥ ለሚከፍል 50 ይሆናል። ስድስት ሰው ይዛችሁ አስቡት።

ሁለተኛው ነገር ለንደን ለምንኖር ሰዎች የባሰ ነው። የስኮትላንዱ ሮቨር የሚጀምረው በምሥራቅ በኩል ከቤሪክ፣ በምዕራብ በኩል ከካርላይል ነው። ከኪንግስ ክሮስ ወይም ከዩስተን እስከዚያ ያለውን በራሳችሁ ትከፍላላችሁ፣ ስትመለሱም እንደዚያው። ማስታወቂያው ላይ ግን የለንደን ታክሲና የኪንግስ ክሮስ ፎቶ ተለጥፏል። «ከለንደን ተነሥተው» የሚል ቃል የለም፤ ፎቶው ነው የሚናገረው። ስትከራከሩት «እኔ መቼ አልኩ» ይላችኋል። ከአየር ማረፊያ ጀምሮ ይሠራል የሚል ሰው ከገጠማችሁም አትመኑት፤ አገሩን በሙሉ የሚሸፍነው ትኬት እንኳ ሂትሮው ኤክስፕረስ ላይ አይሠራም፣ የለንደን አንደርግራውንድ ላይም አይሠራም።

አሁን ደግሞ እኔን ከሁሉም በላይ ያናደደኝን ልንገራችሁ። ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ሲኒየር ሬልካርድ የሚባለውን የቅናሽ ካርድ በዓመት 35 ፓውንድ (እስከ ማርች 2025 ድረስ 30 ነበር) ከገዙ ብዙዎቹ ሮቨሮች ላይ ሢሶ ይቀነስላቸዋል። ለዚህ የእንግሊዝ ነዋሪ መሆን አያስፈልግም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ጣቢያ መስኮት ላይ ዕድሜን ማሳየት ይበቃል። ሻጩ ምን አደረገ? ለአያቶቹ ትኬቱን በሬልካርድ ቅናሽ ገዝቶ ሙሉ ዋጋ ተቀበላቸው። ሬልካርዱን ግን አልገዛላቸውም። የቅናሹ አጭር ምልክት ትኬቱ ላይ ታትሞ ይታያል፤ ካርዱን በእጁ ያልያዘ ሰው ያ ትኬት እንደሌለው ይቆጠራል። ባለማወቃቸው ተሳፈሩ፤ ቀደም ባሉት ቀናት ማንም ካርዱን አለመጠየቁ የእግዜር ቸርነት ነው። የ4 ዓመቷን ሕፃን ደግሞ የልጅ ዋጋ አስከፍሏቸዋል። እዚህ አገር ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ከትልቅ ሰው ጋር በነጻ ነው የሚጓዘው፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለው እንደ ደንቡ ግማሽ ነው። ስለዚህ ትኬት በእጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የምታዩት የቅናሽ ምልክት አለው ወይስ የለውም የሚለውን ይሁን።

ስለ ሰዓቱም። ብዙ ሮቨሮች በሥራ ቀን ጠዋት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ9 ወይም ከ9፡30 በፊት አይሠሩም። ይህን እንኳ ሻጩ ነግሯቸዋል፤ «ከ3፡30 በኋላ ተሳፈሩ» ብሎ በአማርኛ ጻፈላቸው። መልእክቱን ያነበበው እዚህ የተወለደው ትልቁ ልጅ ነበርና ከሰዓት በኋላ 3፡30 ነው ብሎ ነገራቸው። ግላስጎው ላይ ሲጠብቁ ውለው የመጀመሪያውን ቀን በከንቱ አቃጠሉት። ይህንን እንኳ ሻጩ ላይ አልጭንም። ሰዓት ግን በፈረንጅ ነው ወይስ በእኛ የሚለውን ሁልጊዜ ጠይቁ፤ ከአራት ቀን አንዱ ሲሄድ ሩቡ ነው የሄደው።

እሺ፣ በትክክለኛ ዋጋ ከጣቢያ ብገዛስ ያዋጣኛል ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለብዙዎቻችን አያዋጣም። ምክንያቱም የስኮትላንድ ባቡር ድርጅት የሆነው ስኮትሬል ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የፒክ ሰዓት፣ ማለትም ሰው የሚበዛበት ሰዓት፣ ዋጋን ጨርሶ አስቀርቷል። ከኤድንብራ ግላስጎው ደርሶ መልስ በፒክ ሰዓት 32.60 ፓውንድ የነበረው አሁን ቀኑን ሙሉ 16.80 ነው። ኤድንብራ አርፋችሁ በየቀኑ ግላስጎው ብትመላለሱ እንኳ አራት ቀን 67 ፓውንድ ከ20 ነው። ሮቨሩ ከመቶ በላይ ነው። በጣቢያ መካከል ያለውን ዋጋ አንድ በአንድ ከናሽናል ሬል ድረ ገጽ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ደምሩት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ብዙ ጊዜ ሮቨሩ ይሸነፋል።

የሚያዋጣው ሩቅ ለሚሄድ ነው። ከኤድንብራ ኢንቨርነስ፣ ከዚያ ካይል፣ በስካይ ደሴት በኩል አርማዴል ወርዶ በጀልባ ማሌግ፣ ከማሌግ በፎርት ዊልያም ግላስጎው፤ እንዲህ ለሚዞር ሰው ትኬቱ ጥሩ ነው፣ አንዳንድ የምዕራብ ዳርቻ ጀልባዎችንም ስለሚጨምር። ግን ይህን መንገድ ከልጆችና ከአያቶች ጋር ስታስቡ ረጋ በሉ። ከግላስጎው ማሌግ ከአምስት ሰዓት በላይ ነው፣ በቀን ያሉት ባቡሮችም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከኢንቨርነስ ወደ ዊክና ተርሶ በሥራ ቀን አራት ገደማ ይሄዳል፣ እሑድ አንድ ብቻ። አንዱ ካመለጣችሁ የቀረው «ያለ ገደብ» ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። የሕዝብ በዓል ባለበት ሳምንት መጨረሻ ደግሞ ሐዲድ ስለሚጠገን ብዙ ጊዜ በባቡር ፋንታ አውቶቡስ ነው የሚመጣው። በፈረንጅ ገና ሰሞን ሥራ ዝግ ስለሆነ እንሂድ የምትሉም አላችሁ፤ ዲሴምበር 25 በመላ ብሪታንያ ባቡር የለም፣ በ26ም እጅግ ጥቂት ነው። ተከታታይ ቀን የሆነ ሮቨር በዚያ ሳምንት መግዛት ሁለት ቀን መጣል ነው።

ያ በፊልም የታወቀው ባለ ጭስ ባቡርስ? ጃኮባይት ይባላል፣ የሌላ ድርጅት ነው፣ ሮቨር አይሠራበትም። ማስታወቂያው ላይ ግን ሁልጊዜ ፎቶው አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ አያስፈልጋችሁም፤ ተራው የማሌግ ባቡርም 21 ቅስት ባለው በዚያው በግሌንፊናን ድልድይ ላይ ነው የሚያልፈው። ከፎርት ዊልያም ወደ ማሌግ ስትሄዱ ባቡሩ በሚሄድበት አቅጣጫ በግራ በኩል ተቀመጡ፣ ድልድዩ ስለሚታጠፍ የባቡሩን ፊት ታያላችሁ።

ሌላ አሁን ብቅ ያለ ዓይነት አለ። ብሪትሬይል የሚባለው ፓስ ከብሪታንያ ውጪ ለሚኖሩ ሰዎች ብቻ የተዘጋጀ ነው። አንዳንዶች ይህንን እዚህ ለሚኖሩ አበሾች «ርካሽ ነው» እያሉ ይሸጣሉ። አያቶቻችሁ በሕጋዊ መንገድ ሊገዙት ይችላሉ፤ እናንተ ግን የዚህ አገር ነዋሪ ሆናችሁ በዚያ ፓስ መጓዝ አይፈቀድላችሁም።

አንድ ሻጭ አማርኛ ስለተናገረ፣ ከመልእክቱ በፊት «እንደምን ዋላችሁ እናቴ» ስላለ የእኛ ሰው ነው ብላችሁ አትለፉት። ይህን ጠይቁት፦ የትኬቱ ስም ማን ነው? ስንት ቀን በስንት ቀን ውስጥ? ክልሉ ከየት ይጀምራል? የተገዛው በቅናሽ ነው ወይ? የትኬቱን ዋጋና የእርሱን የአገልግሎት ክፍያ ለይቶ ይጻፍ። መልሱ በድምፅ መልእክት ከመጣ በጽሑፍ እንዲልክ ንገሩት። ስሙን ካወቃችሁ በኋላ ደግሞ ናሽናል ሬል ላይ ካርታውና ደንቡ በዝርዝር አለ፤ ሰው ያለበት ጣቢያ መስኮት ላይም ያለ ኮሚሽን ይሸጥላችኋል።

አከፋፈሉንም አስቡበት። እነዚያ ቤተሰብ ግማሹን በባንክ ትራንስፈር፣ ግማሹን አዲስ አበባ ላለ «ወንድሙ» በቴሌብር ከፈሉ። ይህ ገንዘብ የሚጠየቅበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ከ100 ፓውንድ በላይ የሆነ ነገር በክሬዲት ካርድ በቀጥታ ለሻጩ ብትከፍሉ ግን በ1974ቱ የኮንሱመር ክሬዲት ሕግ ክፍል 75 መሠረት ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ ራሱ ተጠያቂ ይሆናል፤ በዴቢት ካርድም ቢሆን ቻርጅባክ፣ ማለትም ባንኩ ገንዘቡን ከሻጩ እንዲያስመልስላችሁ፣ መጠየቅ ይቻላል። ቀድሞ የከፈላችሁ ካላችሁ የቴሌግራሙን ንግግር አሁኑኑ ስክሪንሾት አንሡ፤ ብሎክ ሲያደርግ መልእክቱን ከሁለቱም ወገን ሊያጠፋው ይችላል። ከዚያ ነጻ ምክር ለሚሰጠው ለሲቲዝንስ አድቫይስ ደውሉ፤ በእንግሊዝኛ የማይመቻችሁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡላችሁ ጠይቁ።