የ60 ምላጭ ሳጥን እንዳትገዙ

መልቲ ቱል (ምላጩን እያርገበገበ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ የእጅ ማሽን) ያላችሁም ልትገዙ ያሰባችሁም፣ ምላጭ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ባለፈው ወር የኮንዶሚኒየም ቤቴን ወለል ሴራሚክ ላስነጥፍ ስል የበሮቹ መቃን ከታች ትንሽ መቆረጥ ነበረበት። ለዚህ ሥራ መልቲ ቱልን የሚያክል የለም። ምላጩ እንደ ግራይንደር አይሽከረከርም። በደቂቃ እስከ 20,000 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይርገበገባል፤ ጥግ ድረስም ይገባል።

መርካቶ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ 60 ምላጭ የያዘ ሳጥን አወጣ። «ወንድሜ፣ ይሄ ለሁሉም ማሽን ይሆናል። እንጨት በለው፣ ብረት በለው፣ ሴራሚክ በለው፣ ይቆርጥልሃል» አለኝ። ምላጮቹ ወርቃማ ናቸው፣ ሲታዩ ያምራሉ። 3,600 ብር ከፈልኩ። አንዱ 60 ብር ወጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው ምላጭ መቃኑ ውስጥ ሚስማር ሲያገኘው ጨሰ። አውጥቼ ሳየው ጥርሶቹ አልቀው ጠርዙ እንደ ማንኪያ ለስልሷል። ወርቃማው ነገር ለካ ቀለም ነው፤ በጥፍሬ ስፍቀው ተነሳ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ያው። አራተኛው ጭራሽ ማሽኑ ላይ አልጸና አለ። ብሎኑን ባጠብቀውም እየላላ ይንሸራተታል። ዓይኔ ላይ ቢፈናጠርስ?

«ለሁሉም ይሆናል» የሚባለውን አትመኑ። ማሽኖች ምላጭ የሚይዙበት አፍ ይለያያል። ቦሽና ፋይን የተባሉት የማሽን አምራቾች በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጡት ስታርሎክ የሚባለው አፍ ለምሳሌ ጎድጎድ ያለ ነው፤ የድሮው ጠፍጣፋ ምላጭ አይገጥመውም። ማሽናችሁን ወይም አሮጌ ምላጫችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው አስተያዩ።

«ሁሉን ይቆርጣል» የሚለው ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። ተራው የብረት ምላጭ ሚስማር ለሌለው እንጨትና ለጂብሰም ብቻ ነው። ሚስማር ካለ ባይሜታል (ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ) ምላጭ ያስፈልጋል። ለጠንካራ ብሎን የካርባይድ፣ ማለትም ከብረት የጠነከረ ቁስ፣ ጥርስ ያለው ይሻላል። በሴራሚኮች መሃል ያለውን ሙሊት ለማውጣት ደግሞ ጥርስ የሌለው፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር የካርባይድ ምላጭ ነው የሚፈለገው። በኋላ አንድ ባይሜታል ለብቻው ገዛሁ። የቀሩትን መቃኖች በሙሉ በሱ ጨረስኩ፣ ዛሬም ይሠራል። ብረት ስትቆርጡ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ አትጫኑት። መነጽር አድርጉ።

ባይሜታል ነው ከተባላችሁ አንድ ብቻ ግዙና የጥርሱን ጫፍ በሞረድ በቀስታ ሞክሩት። ሞረዱ በቀላሉ ከነከሰው ተሸውዳችኋል።

ሳጥኑን በሦስተኛው ቀን ይዤ ተመለስኩ። ባለሱቁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በጣቱ አሳየኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። እኔ የምከራከርበት ደረሰኝ አልነበረኝም። እናንተ ሳትቀበሉ ከሱቅ እንዳትወጡ።