ኒዮ-6ኤም ከስምንት ወር በኋላ፦ ለቦታ ተገዝቶ ለሰዓት የዋለ ጂፒኤስ

ይህ የጂፒኤስ ሞጁል ራስበሪ ፓይ ከተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ለቢሮ ኮምፒውተሮች ሰዓት መስጠት ከጀመረ ስምንት ወሩ ነው። የሚሸጠው ቦታ መፈለጊያ ተብሎ ቢሆንም ዋናው ሥራው ጊዜ መለካት ነው። ሳተላይቱ «እዚህ ነኝ፣ ምልክቱን የለቀቅኩት በዚህ ቅጽበት ነው» ይላል፤ ርቀቱ የሚገኘው ከመዘግየቱ ነው። ምልክቱ በ1 ናኖሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ስለሚጓዝ የ1 ማይክሮሰከንድ ስህተት 300 ሜትር ያስታል። ሞጁሉ ራሱ ሰዓት የሚቆጥርበት ርካሽ ኳርትዝ ይህን ያህል አይታመንም፤ አራተኛ ሳተላይት የሚያስፈልገውም ሞጁሉ የራሱን ሰዓት ስህተት እንዲያሰላ ነው።

የቦርዱን አራት ፒን (የማገናኛ እግር) ብቻ አገናኝቶ መተው ትርፍ የለውም። በሰከንድ በ9600 ቢት ፍጥነት የሚመጣው ጽሑፍ ሰከንዱ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል፣ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ መዘግየቱም አንዴ ይረዝማል አንዴ ያጥራል። የሰከንዱን መባቻ በ30 ናኖሰከንድ ገደማ ትክክለኛነት የሚያሳየው የኤሌክትሪክ ምት ከቺፑ 3ኛ እግር ነው የሚወጣው። በርካሹ ቦርድ ላይ ለዚህ ፒን አልተሠራለትም፤ ብልጭ ድርግም ከምትለው መብራት ሥር ቀጭን ሽቦ በይዶ ጂፒአይኦ 18 ወደሚባለው የራስበሪ ፓዩ ፒን መውሰድ ግድ ነው። ጽሑፉንና ምቱን ክሮኒ የተባለው ሰዓት አስተካካይ ፕሮግራም ያዋህዳቸዋል።

ቀድማ የደከመችው ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ናት። መብራት በጠፋ ቁጥር ሞጁሉ ሁሉን ረስቶ ይነሳል። የጂፒኤስ ሰዓት ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) በ18 ሰከንድ ይቀድማል፤ ይህ ቁጥር ከሳተላይት የሚተላለፈው በየ12 ደቂቃ ተኩሉ አንዴ ነው። እስኪደርሰው ድረስ ፋብሪካ የጻፈለትን አሮጌ ቁጥር ስለሚጠቀም በጥቂት ሰከንድ ይሳሳታል፤ ያውም ልክ እንደሆነ ሰው ሳይጠራጠር! ስለዚህ ባትሪዋን መቀየር፣ ካልሆነም ከተነሳ በኋላ 15 ደቂቃ ሰዓቱን ለማንም አለመስጠት።

አንቴናው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሠራም፤ ውጭ መውጣት አለበት። 5 ሜትር ገመድ ወደ 25 ናኖሰከንድ ያዘገያል። መዘግየቱ ለሁሉም ሳተላይት እኩል ስለሆነ ቦታውን አይነካም፤ ሙሉ በሙሉ ሰዓቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ለቢሮ ኮምፒውተር ግን ከቁጥር አይገባም።

የግድግዳ ሰዓት ልትሠሩበት ካሰባችሁ፣ የሚያወጣው ዩቲሲ ነው። ለእኛ አቆጣጠር 3 መደመር ሳይሆን 3 መቀነስ ነው፤ 06:00 ሲል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው።