ከዱራንት የገዛሁት የቾክታው ጉትቻ

ብር ላይ በቀላሉ አልሸወድም ብዬ አስብ ነበር። እናቴ ከጠገራ ብር የተሠራ መስቀል አላት፣ ክብደቱን ከልጅነቴ ጀምሮ በእጄ አውቀዋለሁ። ግን ኦንላይን «የቾክታው ብር» (ቾክታው ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው) ብለው የሸጡልኝ ጉትቻ ጀርመን ሲልቨር ሆኖ አረፈው። ስሙ ሲልቨር ይባል እንጂ ውስጡ ጠብታ ብር የለም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። በሁለተኛው ቀን ጆሮዬን አሳከከኝ። ብረቱን አልሰድብም፣ ኦክላሆማ ውስጥ ጎበዝ አንጥረኞች ይሠሩበታል። ያናደደኝ በብር ዋጋ መሸጡ ነው።

እልህ ይዞኝ ከዳላስ በ75 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነዳሁና ኦክላሆማ ውስጥ ያለችው ዱራንት ከተማ ገባሁ። የቾክታው ብሔር ዋና መቀመጫ እዚያ ነው። መጀመሪያ አገራቸው ሚሲሲፒ ነበር፣ አብዛኞቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ከተደረገው የ1830ው ውል በኋላ ተነቅለው ነው ወደ ኦክላሆማ የመጡት። አሁን የገዛሁት ከአንዲት የቾክታው አንጥረኛ ነው። ከኋላው 925 የሚል ማህተም አለው፤ ከሺህ 925ቱ እጅ ንጹህ ብር ነው ማለት ነው። «ማን ሠራው? የየትኛው ብሔር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ነባር ሕዝቦች ያልሠሩትን የእነሱ ሥራ ነው ብሎ መሸጥ በ1990ው የአሜሪካ ሕግ ወንጀል ነው።

ሥራው ቆንጆ ነው። በመዶሻ ስለተቀጠቀጠ ፊቱ ልሙጥ አይደለም፣ ብርሃን ሲያርፍበት ይንቀጠቀጣል። ድሮ ከነጋዴ ያገኙትን የብር ሳንቲም ቀጥቅጠው አሳስተው ጌጥ ያደርጉት ነበር፤ ስሰማ የኛ አንጥረኞች በጠገራ ብር የሚሠሩት ነገር ትዝ አለኝ። በቋንቋቸው ብርን «ታሊ ሀታ» ይሉታል፣ ነጣ ያለ ብረት እንደማለት። ጠርዙ ላይ የተደረደሩት የዳይመንድ ቅርጾች ደግሞ የእባብ ጀርባ ናቸው። ጭራዋን የምታንኳኳዋ እባብ (ራትልስኔክ) እህል የሚፈጁትን አይጦች ስለምትበላላቸው ያከብሯታል፣ ልብሳቸው ላይም ይህንኑ ቅርጽ ይሰፉታል።

መንጠቆው ግን አልተመቸኝም። ቀጭን ነው፣ በአንድ ወር ሁለቴ ወደቀብኝ፣ አንዴማ ከመኪና ወንበር ሥር ነው ያገኘሁት። አሁን ከኋላ ትንሽ የፕላስቲክ ማቆሚያ አድርጌበታለሁ። ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥም አትንከሩት፤ መስመሮቹ ውስጥ ያለው ጥቁረት ሆን ተብሎ የተተወ ነው፣ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል።

ለእናቴም አንድ ጥንድ አዝዣለሁ። የእባቡን ነገር ግን አልነገርኳትም።