«እንጎትታለን» ብለው መጥተው «አዳንን» ብለው ያስከፍላሉ፤ ተጠንቀቁ!

በአሜሪካ፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በሸራ ጀልባ ላይ ለምትኖሩም ሆነ ቅዳሜና እሑድ ለምትወጡ ወገኖቼ፦ ማዕበል ከመታችሁ በኋላ ፈገግ ብሎ ከሚመጣ የጎታች ጀልባ ካፒቴን ተጠንቀቁ። ዛሬ 6,400 ዶላር ከፍዬ ተመልሻለሁ፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

የጀልባ ጎታች ኩባንያዎችን አሠራር ታውቁታላችሁ። በየዓመቱ የአባልነት ክፍያ ይሰበስባሉ፤ ሞተር ሲጠፋ ወይም ጀልባ ጭቃ ላይ ሲቀመጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንጎትታለን ይላሉ። እኔም ስከፍል የኖርኩት ለዚህ ነበር።

ከአናፖሊስ ከተማ በስተደቡብ፣ ሮድ ሪቨር የሚባል ወንዝ ላይ መልሕቅ ጥዬ ሳለሁ የከሰዓቱ ነጎድጓድ ከሰሜን ምዕራብ መጣ። ነፋሱ የተጠቀለለውን የፊት ሸራ ፈትቶ ቀደደው። መልሕቄም ተነቀለና ጀልባዋ ዳር ደርሳ ጭቃ ላይ ጋደል አለች። የዚያ አካባቢ ወለል ልስልስ ጭቃ ነው። የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ውሃውን ከሰላጤው ገፍቶ ያወጣዋል፤ ነፋሱ ሲበርድ ውሃው ይመለሳል። የወለሏን ክዳን አንስቼ አይቻለሁ፤ አንድም ጠብታ አልገባም።

ካፒቴኑ ሁለተኛ ጀልባ አስከትሎ ደረሰ። «አባል ነኝ፤ ይሸፈናል አይደል?» አልኩት። «ስለ እሱ አይጨነቁ፤ መጀመሪያ ቤትዎን እናውጣ» አለና ታብሌት ዘረጋልኝ። «ለሥርዓቱ ያህል ነው፤ እዚህ ጋ ይፈርሙ።» ዝናቡ እየወረደብኝ ፈረምኩ። ወዲያው ረዳቱ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ተሸክሞ ወደ ጀልባዬ ተሻገረ። «ውሃ እኮ አልገባም» ስለው እንዳልሰማ ሆነ። ፓምፑን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ፎቶግራፍ አነሳው፤ ከዚያም ሳያስነሳው ተሸክሞት ተመለሰ። ጀልባዋ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከጭቃው ወጣች።

ያን ፎቶግራፍ ቢሯቸው ውስጥ ከክፍያ መጠየቂያው ጋር ተያይዞ አገኘሁት። «ውሃ እየገባባት የነበረችና በሁለት ጀልባና በፓምፕ የተረፈች» ይላል። የፈረምኩት የባሕር ማዳን ውል ነው። በዚህ ውል ንብረቱ ካልዳነ ክፍያ የለም፤ ከዳነ ግን ክፍያው በሰዓት አይሰላም፣ የዳነው ንብረት ዋጋ ይታያል። ጀልባዬን 32,000 ዶላር ገምተው አንድ አምስተኛውን ጠየቁ። አባልነቱ ይህን አይሸፍንም።

ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። «ፈርመሻል እኮ። ካልከፈልሽ ጀልባዋን በፍርድ ቤት እናስይዛለን።» ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ በአሜሪካ የባሕር ሕግ ጀልባን ከአደጋ ያዳነ ወገን በጀልባዋ ላይ የመያዣ መብት አለው፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚያስፈጽም የፌዴራል ማርሻል መጥቶ ሊይዛት ይችላል። አልጋዬም ምድጃዬም ልብሴም እዚያ እንደሆነ ነገርኳት። ዞር ብላ ለባልደረባዋ «እዚያው ላይ ነው የምትኖረው» አለችውና ተሳሳቁ። ያን ሳቅ ከገንዘቡ ይልቅ አልረሳውም። ሰው ቤቱን ሊነጠቅ ነው ብሎ ሲለምን ይሳቃል?

ኢንሹራንሴ ማሪናው (የጀልባ ማቆሚያው) የሚጠይቀው፣ ለሌላ ሰው ጉዳት ብቻ የሚከፍለው ዓይነት ነው። ያ ገንዘብ የፊት ሸራ መግዣዬና ምሰሶውን የሚይዙትን ሽቦዎች መለወጫዬ ነበር። አሁን በሜሪላንድ የበጋ እርጥበት የራሰ ፍራሽ ለማድረቅ እየታገልኩ ነው፤ የመኝታ ክፍሉ ግድግዳም መሻገት ጀምሯል።

ገመዳቸውን ከመቀበላችሁ በፊት መጎተት ነው ወይስ ማዳን ብላችሁ ጠይቁ፣ ዋጋውንም በጽሑፍ ያዙ። የጀልባችሁን ደረቅ ወለል ራሳችሁ ፎቶግራፍ አንሱ። የፈረማችሁ ካላችሁም የ1989 ዓለም አቀፍ የባሕር ማዳን ስምምነት አንቀጽ 7ን ለጠበቃ አሳዩ፤ በአደጋ ጫና ሥር የተፈረመና ፍትሐዊ ያልሆነ ውል ሊሻር ወይም ሊሻሻል እንደሚችል ይደነግጋል። እኔ ሰነዶቹን ነገ ጠዋት ለባሕር ሕግ ጠበቃ አስረክባለሁ።